«ያሳክከኛል፣ ምን ልቀባ?»፦ የሚያሳክክ ሽፍታን ለይቶ የማሳከም አሠራር

በፋርማሲ መስኮት ከቆምኩ ጀምሮ በየቀኑ ማለት ይቻላል የምሰማው ጥያቄ ነው። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ያሳየኛል፤ ሌላው የልጁን ፎቶ በስልክ ከፍቶ ያቀብለኛል፤ አንዳንዷ ደግሞ ተጨምቆ ያለቀ ቲዩብ ይዛ መጥታ «ይኸው፣ ይህንኑ ድገሙልኝ» ትለኛለች። ከኋላ ሰልፍ እያለ በመስኮት የማልጨርሰውን መልስ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እከክም፣ ጭርትም፣ ችፌም ያሳክካሉ። እከክን የሚገድለው መድኃኒት ግን ጭርትን አይነካውም። ችፌን የሚያስታግሰው ቅባት ደግሞ ጭርትን ያሰፋዋል፣ እከክንም ይደብቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቅባት መግዛት ሳይሆን ሽፍታው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምርመራው፦

- የቀን ብርሃን የሚገባበት ቦታና መስታወት
- እስክሪብቶና ወረቀት
- ካሜራ ያለው ስልክ
- እስካሁን የቀቡትም የዋጡትም መድኃኒት ሁሉ፤ ባዶ ቲዩብና ካርቶኑ ሳይቀር
- የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎ

ለሕክምናው (ምንነቱ ከታወቀ በኋላ)፦

- የታዘዘው መድኃኒት፤ እከክ ከሆነ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ
- ጥፍር መቁረጫ
- ትልልቅ ፌስታል ወይም ንጹሕ ማዳበሪያ
- ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና
- ሽታ ያልተጨመረበት ቫዝሊን

ይህን ካዩ ሌላውን ደረጃ ይተዉና ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ

- ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ድምፅ ከተዘጋ። ይህ ከባድ አለርጂ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።
- አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት መጥቶ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት ከቆሰለ። እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያሉ የሰልፋ መድኃኒቶችና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በዚህ ይታወቃሉ። መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ።
- ቆዳው ከሞቀ፣ ካበጠ፣ ካመመና በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ።
- ትኩሳት ያለበት ሰው ላይ ወይን ጠጅ መሳይ ነጠብጣብ ወጥቶ በመስታወት ብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ከሆነ።
- ሲታከክ የቆሰለ ልጅ ጠዋት ፊቱ አብጦ ከተነሳ ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ። የቁስሉ ባክቴሪያ ኩላሊትን አስቆጥቶ ሊሆን ይችላል።
- ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ ማንኛውም የሚስፋፋ ሽፍታ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ጊዜ አለዎት። ወደ ደረጃ 1 ይለፉ።

ደረጃ 1፦ ያለ ትዕዛዝ የሚቀቡትን ያቁሙ

በተለይ ስሙ በ«ሶን»፣ በ«ዞን»፣ በ«ሶል» ወይም በ«ሎን» የሚያልቅ ቅባት ካለ ይፈልጉ፦ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ትራያምሲኖሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን። እነዚህ ስቴሮይድ ይባላሉ። ለሚገባቸው በሽታ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ችግሩ የቆዳን መቆጣት ስለሚያበርዱ ለማንኛውም ሽፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠሩ መምሰላቸው ነው። ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ ሰውየው «አገኘሁት» ይላል፤ ከሥር ያለው ፈንገስ ግን የሚከላከለው ስለጠፋ እንደ ልቡ ይሰፋል።

አንዲት እናት በልጇ ጉንጭ ላይ የወጣች የሳንቲም ያህል ክብ ነገር ላይ ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ በአንድ የተቀላቀለበት ቅባት ለወራት ስትቀባ ቆይታ መጣች። የጉንጩ ቆዳ ሳስቶ ሥሮቹ ይታያሉ፤ ክቡ ደግሞ ጠርዙ ጠፍቶ እስከ ጆሮ ደርሷል። እንዲህ ዓይነቱን ለመለየት የቆዳ ሐኪምም ይቸገራል፤ መልኩን ያጠፋው ቅባቱ ነውና።

ለፊት ማቅያ የሚሸጡ ክሬሞችም ብዙዎቹ ውስጣቸው ክሎቤታሶል አለ። የሚቀቡ ከሆነ ሳያፍሩ ለባለሙያው ይንገሩ። ጠንካራ ስቴሮይድ ፊት ላይ ለወራት ቀብተው ከነበረ በአንድ ጊዜ ሲያቆሙ ፊትዎ ሊቀላና ሊያቃጥልዎ ስለሚችል አወጣጡን ባለሙያ ይምራው።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሎሚም እንዲሁ ይቁሙ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቆዳ ላይ ታስረው ሲያድሩ እንደ እሳት ያቃጥላሉ፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳውን አጥቁሮ ይተወዋል። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ የሚታየው ቃጠሎው እንጂ በሽታው አይሆንም። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን አያቋርጡ፣ የሚቀባውንም ከተጠመቁ በኋላ ቆዳው ሲደርቅ ይቀቡት።

ደረጃ 2፦ በቀን ብርሃን መላ ሰውነትዎን ይመልከቱ

የሚያሳክክዎትን ቦታ ብቻ አይደለም። የሽፍታ ምንነት ከመልኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ከሚወጣበት ቦታ ይታወቃል። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ የራስ ቆዳ፣ ከጆሮ ኋላ፣ አንገት፣ ብብት፣ ጡት ሥር፣ እምብርት ዙሪያ፣ ቀበቶ የሚታሰርበት፣ ብሽሽት፣ ብልት፣ መቀመጫ፣ የክርንና የጉልበት እጥፋት፣ የእጅ አንጓ፣ በጣቶች መካከል፣ መዳፍ፣ የእግር ጣቶች መካከል።

በብዙ ጽሑፍ ላይ «ቀይ ሽፍታ» ተብሎ ያነበቡት በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት ይዳስሱ፦ ይሻክራል? አብጧል? ጠርዙ ከመሃሉ ከፍ ይላል?

ፎቶ ሲያነሱ ሁለት ያንሱ። አንዱ ራቅ ብሎ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ፣ ሌላው ቀረብ ብሎ ጎኑ እስክሪብቶ የተቀመጠበት፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ሽፍታ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ሐኪሙ ጋ በገቡበት ሰዓት ላይኖር ስለሚችል ያን ቀን ፎቶው ብቻ ነው ምስክርዎ።

ደረጃ 3፦ አምስት ጥያቄዎችን በወረቀት ይመልሱ

1. መቼ ጀመረ? የትኛው ቦታ ላይ መጀመሪያ ታየ?
2. በብዛት የሚያሳክከው መቼ ነው? ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገቡ ከባሰ ለእከክ ትልቅ ፍንጭ ነው።
3. በቤት ውስጥ ወይም አብሮ ከሚያድር ሰው ሌላ የሚያሳክከው አለ? ላለፉት 2 ወራት ያደረ እንግዳም ይቆጠራል። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማከክ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው።
4. አዲስ የጀመሩት ነገር አለ? ሳሙና፣ ሽቶ፣ የፀጉር ቀለም፣ ሂና፣ ጆሮ ጌጥ፣ የእጅ ሰዓት፣ መድኃኒት።
5. ሌላ በሽታ አለብዎ? ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ አስም፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር፣ እርግዝና።

ሦስተኛውን ጥያቄ ሰዎች «ኧረ እኔን ብቻ ነው» ብለው ያልፉታል። ቤት ገብተው ልጆቹን፣ ሠራተኛዋንና አያትን አንድ በአንድ ይጠይቁ። እከክን ሰው ስለሚያፍርበት ሳይጠየቅ አይናገርም።

ደረጃ 4፦ የትኛውን እንደሚመስል ያመዛዝኑ

ይህ ደረጃ ሐኪም ጋ የሚናገሩትን ለማዘጋጀት ነው እንጂ ራስን ለማከም አይደለም።

እከክ። በዓይን በማትታይ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች በሆነች ተባይ ይመጣል። ሴቷ ቆዳ ውስጥ ቆፍራ ገብታ እንቁላል ትጥላለች። ማሳከኩ ሰውነት ተባይዋንና እዳሪዋን ሲቃወም የሚመጣ ነው። በጣቶች መካከል፣ አንጓ፣ ብብት፣ እምብርት፣ መቀመጫ፣ የሴት ጡት ጫፍ ዙሪያና የወንድ ብልት ላይ ትናንሽ ብጉሮች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጠመዝማዛ መስመር። በሕፃናት መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ራስ ላይም ይወጣል። የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ቆዳ ለቆዳ ተነካክቶ አብሮ በማደር የሚተላለፍ ነው። በቀን ሁለቴ የሚታጠብ ሰውም ይይዘዋል።

ጭርት። ፈንገስ ነው። ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚፈረፈር፣ መሃሉ እየጠራ የሚሄድ። ራስ ላይ ሲሆን ቆረቆር እንለዋለን፤ ፀጉሩ ተሰብሮ ይመለጣል።

ቋቁቻ። ይህም ከፈንገስ ወገን ነው፤ ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ያሉ፣ ሲፈገፈጉ ዱቄት የሚመስል የሚያራግፉ ምልክቶች። ማሳከኩ ቀላል ነው ወይም የለም።

ችፌ። ደረቅ፣ የሻከረ፣ ሲታከክ የሚያዥና የሚወፍር። በልጆች ክርንና ጉልበት እጥፋት ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ይኖራል። በሚነካ ነገር የሚመጣው ደግሞ ነገሩ የነካበትን ቦታ ይከተላል፦ በጆሮ ጌጥ የጆሮ ጫፍ፣ በቀበቶ ብረት እምብርት ሥር፣ በበረኪና እጅ። በቤት ሥራ የሚተዳደሩ፣ በተለይ ዓረብ አገር ሆነው ቀኑን ሙሉ ከማጽጃ ኬሚካል ጋር የሚውሉ እህቶቻችን እጅ ላይ የሚወጣው አብዛኛው ይህ ነው።

የአለርጂ እብጠት። ሳማ እንደለበለበው የሚያብጥ፣ አንዱ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ሌላ ቦታ የሚወጣ። አንድ እብጠት ቦታውን ሳይለቅ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ሌላ ነገር ይጠረጠራል።

የቁንጫና የትኋን ንክሻ። በመስመር ወይም በክምችት፣ እግርና ልብስ ያልሸፈነው ቦታ ላይ። ልጆች ላይ ንክሻው ለሳምንታት ሊያሳክክ ይችላል።

ሁለት ነገር ለብቻ ልበል። የማያሳክክ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ጤና ተቋም ይሂዱ፤ በጊዜ ከተጀመረ ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው። በምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ፈጣን ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ለወራት ያለማቋረጥ የሚያሳክከው ከሆነ ኦንኮሰርካን ስሙን ጠርቶ ይጠይቅ። ይህ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፍ ነው፣ ዓይንንም ይጎዳል።

ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነት ካሳከከ መንስኤው ቆዳ ላይሆን ይችላል፤ ጉበት፣ ኩላሊትና እንቅርት ይመረመራሉ። ነፍሰ ጡር ሆነው በመጨረሻዎቹ ወራት መዳፍና ውስጥ እግርዎን ያለ ሽፍታ ካሳከከዎ የሚቀጥለውን የክትትል ቀን አይጠብቁ። ለፅንሱ አደገኛ የሆነ የጉበት ችግር ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ጤና ጣቢያ ይሂዱና እንዲህ ይበሉ

በቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም መሮጥ አያስፈልግም። አብዛኛው እከክና ጭርት ጤና ጣቢያ ላይ ይታከማል፤ በጤና መድን ለመጠቀምም ከዚያው መጀመርና ሪፈር ማጻፍ ይጠበቅብዎታል።

ገብተው «ያሳክከኛል» ብቻ ብለው አይቀመጡ። በዚህ ቅርጽ ይናገሩ፦ «ከ3 ሳምንት በፊት በጣቶቼ መካከል ጀመረ፤ ሌሊት ይብስብኛል፤ ባለቤቴንና ትንሿን ልጄንም ያሳክካቸዋል፤ ይህን ቅባት ለ10 ቀን ቀብቼ ነበር፤ የስኳር ሕመም አለብኝ።» በአንድ ትንፋሽ አምስቱን ጥያቄ መለሱለት። ከዚያ ቲዩቦቹን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ።

ልብስዎን አውልቀው ያሳዩ። ብብትና ብሽሽት ሳይታይ የተሰጠ የእከክ ምርመራ ግማሽ ነው። የሚያፍሩ ከሆነ በእርስዎ ፆታ ያለ ባለሙያ እንዲያይዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ፈንገስ ከተጠረጠረ ከጠርዙ ቆዳ ተፈግፍጎ በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሥር በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ። ቀላልና ፈጣን ምርመራ ነው። ፀረ ፈንገስ ቀብተው ከሄዱ ፈንገሱ ላይታይ ስለሚችል መቀባትዎን አስቀድመው ይናገሩ። ለእከክ ብዙ ጊዜ ባለሙያው በማየት ብቻ ይወስናል፤ ተባይዋ በማይክሮስኮፕ አለመገኘቷም እከክ የለም ማለት አይደለም። በአንድ ሰው መላ ሰውነት ላይ ያሉት ተባዮች ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ብቻ ስለሆኑ መሳት ቀላል ነው።

ደረጃ 6፦ ከክፍሉ ሳይወጡ እነዚህን ይጠይቁ

- የበሽታው ስም ምንድን ነው? በወረቀት ይጻፉልኝ።
- መድኃኒቱን የት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን?
- ቤተሰቤም መታከም አለበት?
- በስንት ቀን ለውጥ ማየት አለብኝ? ካላየሁስ?

የበሽታውን ስም ሳይይዙ የወጡ ሰው ሌላ ጤና ተቋም ሲሄዱ ከዜሮ ይጀምራሉ። እኔም በመስኮቱ በኩል ስሙን ካላየሁ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ አልችልም።

ደረጃ 7፦ መድኃኒቱን በትክክል ይጠቀሙ

*እከክ ከሆነ*

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ። ሕክምናው የሚሠራው ቤቱ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲታከም ነው። የማያሳክከውም ሰው ጭምር። ምክንያቱን ከላይ አይተናል፤ ተባይዋን ይዞ ሳምንታት የማያክ ሰው አለ። እርስዎ ዛሬ ቢድኑ እሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይመልስልዎታል።

1. ሁሉም ቤት የሚያድርበት ምሽት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ።
2. ጥፍር ሁሉ ይቆረጥ። ሲያኩ ተባይዋ ጥፍር ሥር ትገባለች።
3. ገላ ታጥበው በደንብ ይድረቁ፤ ሰውነትዎ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።
4. ፐርሜትሪን 5 በመቶ ክሬም ከታዘዘ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀቡ። ለአዋቂ ሰው ለአንድ ጊዜ 30 ግራም ገደማ ይበቃል። በጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርት ውስጥ፣ መቀመጫ መካከልና ውስጥ እግር አይርሱ። ጀርባን ሌላ ሰው ይቀባልዎ። ለሕፃናትና ለአረጋውያን ራስና ፊትም ይቀባል፤ ዓይንና አፍ ዙሪያ ግን አይነካም።
5. ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆዳ ላይ ይቆይ። በመሃል እጅ ከታጠቡ እጅን እንደገና ይቀቡ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፤ እከክ ደግሞ እጅን ይወዳል።
6. ጠዋት ታጥበው ንጹሕ ልብስ ይልበሱ፤ አንሶላውን ይቀይሩ።
7. ከ7 ቀን በኋላ ሙሉ ሥራውን ይድገሙ። በመጀመሪያው ያልሞቱ እንቁላሎች ቢኖሩ እስከዚያ ተፈልፍለዋል፤ ሁለተኛው ዙር እነሱን ያገኛቸዋል።

ቢቢኤል የሚባለው ቤንዚል ቤንዞዌት 25 በመቶ ከሆነ ግን አቀባቡ የተለየ ነው፦ በተከታታይ ምሽቶች፣ በመካከል ሳይታጠቡ፣ ባለሙያው በጻፈልዎ ቁጥር። ያቃጥላል። ለልጅ በውሃ ካልቀጠነ አይቀባም፤ የማቅጠኛውን መጠን ከፋርማሲ ይጠይቁ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ባለሙያ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የድኝ ቅባት ነው፤ ለነፍሰ ጡርም ምርጫውን ለባለሙያ ይተዉ።

አይቨርሜክቲን እንክብል ከታዘዘ መጠኑ በክብደት ነው፦ ለአንድ ኪሎ 200 ማይክሮግራም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 3 ሚሊ ግራሙ 4 እንክብል ማለት ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ከ15 ኪሎ በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ ለሰው አይሆንም፤ መጠኑ ለእንስሳ የተሠራ ነው። ላምባ፣ የትኋን መርዝና የእርሻ ፀረ ተባይ ቆዳ ላይ አይቀቡ፤ በቆዳ ገብተው ይመርዛሉ፣ በሕፃን ላይ ሲሆን ይገድላሉ።

ልብስና አንሶላን በተመለከተ፦ ባለፉት 3 ቀናት የነካችሁትን ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። የማይታጠበውን፣ ብርድ ልብስና ጋቢን ጨምሮ፣ ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ጠበቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት አስቀምጡ። ተባይዋ ከሰው ቆዳ ከተለየች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አትኖርም። ፍራሽ መጣልም ሆነ ቤቱን በመርዝ መርጨት አያስፈልግም። ልጆች የመጀመሪያው ሌሊት ካለፈ በማግስቱ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላሉ።

*ጭርት ከሆነ*

ክሎትሪማዞል ወይም መሰሉን በቀን ሁለቴ፣ ከሚታየው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር አልፈው ይቀቡ። ፈንገሱ ከሚታየው ቀድሞ ስለሚሄድ ነው። የጠፋ ከመሰለም በኋላ 1 ወይም 2 ሳምንት ይቀጥሉ። ቆረቆር ግን በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልጋል። ግሪሴኦፉልቪን ከሆነ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይዋጥ፤ እንዲያ ሲሆን ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። ማበጠሪያና ኮፍያ ለየብቻ ይሁን።

ቋቁቻ ከዳነ በኋላ የቆዳው ቀለም ለወራት ላይመለስ ይችላል። ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

*ችፌ ከሆነ*

ታጥበው ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ይቀቡ፤ በቀን ቢያንስ ሁለቴ፣ ሽፍታው በሌለበት ቀንም። የችፌ ቆዳ ውሃ መያዝ የማይችል ቆዳ ስለሆነ የሕክምናው መሠረት ይህ ነው። የታዘዘው ስቴሮይድ በተቆጣው ቦታ ላይ ብቻ፣ ለተባለው ቀን ብቻ ይቀባል። መጠኑን ለማወቅ፦ በአዋቂ ሰው ጠቋሚ ጣት ከጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ጣቶችን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ያህል ቦታ ይሸፍናል። ፊት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ጠንካራው አይቀባ። የሚያስቆጣውን ነገር ካወቁ ያስወግዱ፤ ለዕቃ አጠባ ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ።

እንቅልፍ ከነሳዎት ባለሙያው ሴቲሪዚን ወይም ክሎርፌኒራሚን ሊያዝልዎ ይችላል። ማሳከክን ይቀንሳሉ እንጂ እከክም ጭርትም አይገድሉም። በተለይ ክሎርፌኒራሚን ስለሚያስተኛ ወስደው መኪና አይንዱ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

*ማሳከኩ ስላልቆመ መድኃኒቱን በየቀኑ መቀባት።* እከክ ተባይዋ ከሞተች በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያሳክካል፤ የሞተው ተባይ ቆዳ ውስጥ እስኪጸዳ ነው። በላዩ በየቀኑ ሲቀቡ መድኃኒቱ ራሱ ቆዳውን ያስቆጣና ሌላ ማሳከክ ይጀምራል። ከሳምንት በፊት አንድ አባት በዚህ ምክንያት አራተኛ ጠርሙስ ሊገዙ መጥተው ነበር፤ ቫዝሊን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

*የሚያሳክከው ላይ ብቻ መቀባት።* ለእከክ ይህ ሕክምና አይባልም። ተባይዋ የማያሳክከው ቦታ ላይም አለች።

*በሦስተኛው ቀን መድኃኒት መቀየር።* ጭርት በሦስት ቀን አይጠፋም። በየሦስት ቀኑ የቀየረ ሰው በወር ውስጥ አሥር መድኃኒት ሞክሮ አንዱንም አልተጠቀመም።

*የጎረቤትን ቲዩብ መዋስ።* የእርሷ ችፌ ነበር፤ የእርስዎ ጭርት ነው።

*መግል የያዘውን ሽፍታ እንደ ደረቁ መቀባት።* ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም ሕመም ካለ ባክቴሪያ ገብቷል፤ መጀመሪያ ወይም ጎን ለጎን እሱ መታከም አለበት።

ደረጃ 8፦ ቀን ቆርጠው ይመለሱ

የጀመሩበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፉ። ጭርት በ2 ሳምንት መቀነስ፣ በ4 ሳምንት መጥፋት አለበት። እከክ በ4 ሳምንት ማሳከኩ መቆም አለበት፤ አዲስ ብጉር ከወጣ ወይም ከ4 ሳምንት በኋላም ካሳከከ ይመለሱ። ችፌ በተገቢው ስቴሮይድ በ1 ወይም 2 ሳምንት መብረድ አለበት።

ካልሆነ ያንኑ መድኃኒት ለመድገም ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደመረመረዎት ባለሙያ ይመለሱና ሪፈር ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላሉ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አካባቢ ላሉ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። እጅ ወይም መላ ሰውነት ላይ ወፍራም ቅርፊት ሠርቶ ብዙም የማያሳክክ ከሆነ ግን 4 ሳምንት አይጠብቁ፤ ቅርፊታሙ እከክ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ ያሉት ተባዮች በሺህዎች ስለሚቆጠሩ ለቤተሰብም ለሚያስታምም ሰውም በጣም ተላላፊ ነው፤ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ስለሆነ የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረጋል።

ለሪፈሩ ቀጠሮ ሲሄዱ ደረጃ 3 ላይ የጻፉትን ወረቀት፣ የበሽታው ስም የተጻፈበትን ካርድ፣ ፎቶዎቹንና ባዶ ቲዩቦቹን በአንድ ፌስታል ይያዙ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሽፍታው ላይ ምንም ቅባት፣ ቫዝሊንም ቢሆን፣ አይቀቡ።